ወፍ ያለበት መቋሚያ

ፍንጣሪዋ ከመሮው ጫፍ ተፈናጥራ ፀደይ ጉልበት ላይ ስታርፍ፣ ፀደይ እዚያ አልነበረችም። በአካል ጓሮ ውስጥ፣ ከውኃ ሮቶው ጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ በሐሳቧ ግን ከምትቀርጻት የእንጨት ወፍ ጋር ተነስታ ከጎንደር ቆርቆሮዎች በላይ እየተንሳፈፈች ነው። የግንቡን ማማዎች አልፋ፣ ባጃጆቹ ከታች ጥንዚዛ አክለው ሲርመሰመሱ እያየች፣ ወደ ጃናሞራ ተራሮች ልትታጠፍ ስትል ነው «ቅጭ» የሚል ድምፅ የሰማችው።

ወዲያው ወደ ጓሮዋ ተመለሰች። ከወፏ ሆድ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ወጥታለች።

«አይ! ኧረ አይሆንም!» ጣቷን በምራቋ አርሳ አሸችው። መስመሯ ምራቁን ጠጥታ ጠቆረች። ስንጥቅ ናት።

ፀደይ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኩዮቿ ስልክ ላይ ሲያፈጡ እሷ ከአናጢዎች ደጅ የወደቀ የወይራ ቁራጭ ትለቅማለች። ማንኪያ ትሠራለች፣ ማበጠሪያ ትሠራለች፤ ሲያሰኛት ደግሞ ምንም የማይመስል፣ ግን በእጅ ሲይዙት ደስ የሚል ነገር ትሠራለች። እናቷ «ይቺ ልጅ እንጨት ይዛ ከተቀመጠች ቤቱ ቢቃጠል አትነሳም» ትላለች። እውነቷን ነው። መሮ ከጨበጠች ልቧ ይሸፍታል።

ይሄኛው ግን ማንኪያ አይደለም፤ የየኔታ ኪዳነ ማርያም መቋሚያ ነው። የኔታ ከእነ ፀደይ አጥር ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ የዜማ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ግራ ጉልበታቸውም እንደልብ አይታዘዛቸውም፤ ማኅሌት ግን ቀርተው አያውቁም። ሌሊቱን ሙሉ የሚያቆማቸው መቋሚያው ነው። ብብታቸው ሥር አስገብተው ሙሉ ክብደታቸውን ይጥሉበታል። የድሮው ነቅዞ ሲሰበር ታዲያ አናጢ ዘንድ አልሄዱም፤ ፀደይን አስጠሯት።

«ማንኪያሽን ዳስሼዋለሁ። ሸጋ እጅ አለሽ» አሏት። «ዘንጉ ወይራ ይሁን። ራሱን እንዳሻሽ አስጊጪው። አንገቱን ግን አደራ! አንገቱ ላይ አትጫወቺ።»

አንገት የሚሉት ዘንጉ ከላይ ካለው ራስ ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ ነው። ፀደይ ታዲያ ምን አደረገች? ሦስት ቀን ሙሉ አንገቱ ላይ ተጫወተች! እንጨቱ እዚያ ጋ እብጥ ብሎ ነበር፣ እብጠቱ ደግሞ ክንፏን የሰበሰበች ወፍ መስሎ ታያት። ከታያት በኋላ እንዴት ትተወው? ለወፏ ሆድ ስታወጣ፣ ለእግሯ ቦታ ስትፈለፍል፣ አንገቱ እየሳሳ እየሳሳ ሄደ።

«ፀዲ!» ስንዱ በአጥሩ በር ብቅ አለች። የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ስልኳ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም። «ወይኔ ጉዴ! ይቺን አንቺ ነሽ የሠራሻት? ላባዋን እዪው እስቲ! ቀውጢ ናት እኮ!» ሦስቴ ፎቶ አነሳቻት። ፀደይ አፏን ሳትከፍት ወፏ የክፍሉ ቴሌግራም ላይ ወጥታለች።

«ተሰንጥቋል» አለች ፀደይ።

«የቱ ጋ?»

አሳየቻት። ስንዱ ዓይኗን አጥብባ አየችና ከንፈሯን ነፋች። «ኧረ ባክሽ! ይሄም ስንጥቅ ሆኖ ነው? ሰጋቱራውን በኮላ ለውሰሽ ድፈኚያት፣ አለቀ። የኔታ እንደሆነ አያዩ።»

«ይደገፉበታል እኮ።»

«እሳቸው ደግሞ ስንት ኪሎ ናቸው?»

ፀደይ ሳቀች። በሳቋ ወዲያው አፈረች፤ ኮላውን ግን አመጣች። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችው፣ የኑግ ዘይት ቀባችው፣ በጨርቅ ወለወለችው። ከዚያ በኋላ ራሷ በጥፍሯ ፈልጋ ስንጥቋን አጣቻት።

ማግሥቱ የደብሩ ንግሥ ዋዜማ ነበር። የኔታን ጠዋት ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። መቋሚያውን ተቀበሏትና ከታች ጀምረው በቀስታ መዳሰስ ያዙ። አውራ ጣታቸው አንገቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ክንፏን ተከትሎ ወረደ፣ በጅራቷ ዞረ፣ ወደ ምንቃሯ ወጣ።

«ወፍ ናት!» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ፊታቸው ሁሉ ተፈታ። «ወፍ ካየሁ ስንት ዘመኔ። ጠዋት ጠዋት ድምፃቸውን እሰማለሁ እንጂ መልካቸው እየጠፋብኝ ነበር።» ጣታቸው ስንጥቋ ላይ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ምንም አላገኘም። «ዛሬ ሌሊት ይቺን ይዤ ስቆም ጉልበቴም ትዝ አይለኝ። እግዚአብሔር ይባርክሽ።»

አሁን ንገሪያቸው፣ አለች በልቧ። አሁን! አፏን ከፈተች።

«አሜን» አለች።

ከስንዱ ጋር ፒያሳ ጁስ ሊጠጡ ተቀጣጥረዋል። ዳገቱን ስትወጣ ሐሳቧ እንደ ልማዱ ይዟት ሄደ። ማኅሌቱ ታያት። ነጫጭ ነጠላዎች በቀስታ ይወዛወዛሉ፣ ከበሮው ከሩቅ የመጣ ይመስል ይመታል፣ ጧፉ ያበራል። የኔታ መሐል ቆመዋል፤ ወፏ ከብብታቸው ሥር ናት። ደስ ሲል! ከዚያ «ቅጭ»።

ፀደይ ራሷን ነቀነቀችና ከመጀመሪያው ጀመረችው። ሐሳቡ የራሷ አይደል? እንደፈለገች ታደርገዋለች። ነጠላዎቹ፣ ከበሮው፣ ጧፉ፣ የኔታ፤ አሁንም «ቅጭ»። በሦስተኛው የኔታ በዚያ በማይታዘዝ ጉልበታቸው ድንጋዩ ላይ ሲወድቁ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ሐሳቧ እንዲህ እምቢ ብሏት አያውቅም። ከጁስ ቤቱ ፊት ለፊት ስትደርስ ስንዱ ስልኳን እያውለበለበች ከበር ወጣች።

«ፀዲ፣ ሰባ ሰው ልብ አድርጎልሻል! ቲቸር የሻው ራሱ የማን ሥራ ነው ብሏል! ነይ እንጂ፣ ወዴት ነው?»

«ልነግራቸው!»

«አበድሽ እንዴ? ወፏን ያስጠፉሻል እኮ!»

ፀደይ ግን ቁልቁለቱን መሮጥ ጀምራ ነበር።

የኔታ ከደጃቸው አልተነሱም፤ መቋሚያውን ጭናቸው ላይ አጋድመውታል። ፀደይ ትንፋሿ ሳይመለስ ዘረገፈችው። «የኔታ፣ አንገቱ ተሰንጥቋል። አትጫወቺ ያሉኝን አልሰማሁም። ከዚያ ደግሞ ደፍኜ፣ አሳምሬ ሰጠሁዎት።» እንባዋ ቀደማት።

ቁጣቸውን ጠበቀች። የኔታ ግን እጃቸውን ዘረጉ። «የት ጋ ነው?»

አውራ ጣታቸውን ይዛ ከወፏ ሆድ ሥር አሳረፈችላቸው።

«አይሰማኝም» አሉ። «ደህና አድርገሽ ነው የደፈንሽው።» ጣታቸውን ከዚያ አላነሱም። ከአፍታ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግድ የለም፣ ይቅር። ዛሬን ቀስ ብዬ እደገፍበታለሁ» አሏት።

ፀደይ ቀና አለች። ተናግራለች፣ ይቅርታም አግኝታለች፤ ወፏም ተርፋለች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? «እሺ» ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የኔታ በዚህ መሐል ግራ እግራቸውን ለማመቻቸት በሁለት እጃቸው አንስተው፣ እንደ ዕቃ፣ ወደ ጎን አስቀመጡት።

«ቀስ ብለው መደገፍ አይችሉም፣ የኔታ» አለች። «መጋዝ አለዎት?»

«ምነው ልጄ?»

«አንገቱን ቆርጬ ጥዬ፣ ራሱን ዘንጉ ላይ መልሼ እሰካዋለሁ። እስከ ማታ ይደርሳል። አንድ ስንዝር ብቻ ያጥራል።»

«ይጠር። እኔም አጥሬያለሁ» አሉና ሳቅ አሉ። ሳቁ ብዙ አልቆየም። «ወፏስ?»

«ስንጥቁ በሆዷ ነው የሚያልፈው። መጋዙ ከሥሯ ሲነቀንቃት በስንጥቁ ለሁለት ትከፈላለች።»

የኔታ መጋዙ ከአልጋ ሥር መሆኑን በአገጫቸው ጠቆሟት። ይዛ ስትወጣ በአውራ ጣታቸው ክንፏን፣ ጅራቷን፣ ምንቃሯን አንድ በአንድ ሲዳስሱ አገኘቻቸው። እስኪጨርሱ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሲጨርሱ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«በይ» አሏት።

ፀደይ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ከወፏ እግር ሥር የመጋዙን ጥርስ አሳረፈች። ልቧ የትም አልሄደም።

«አጥብቀው ይያዙልኝ፣ የኔታ» አለች፤ ሳበችውም።