የተፋቀው ፊት

እማሆይ ጸዳለ ሲደርሱ የሠዓሊው የአለቃ ሀብተማርያም ሬሳ በጽድ አምባ ሚካኤል ውስጥ፣ ከአንድ መሰላል ሥር ተዘርግቶ ነበር።

እማሆይ ከመመንኮሳቸው በፊት ዳኛ ከነበሩት ባላቸው ጎን ሃያ ዓመት ችሎት ተቀምጠዋል። ደብረ ታቦር ላይ ነገር ሲወሳሰብ «እማሆይ ይጠሩ» ይባላል። ያን ቀን የተጠሩት ግን ሁለተኛ ሬሳ እንዳይጨመር ነው። የሟች ታናሽ ወንድም ደምሴ ጠመንጃውን አቀባብሎ ቄስ ሙላቴን ከግድግዳ አስጠግቷቸዋል።

«ወንድሜን የገደለው ይሄ ቄስ ነው! ሥዕሉን አጥፋ እያለ ሲጣላው አገር ሰምቷል። ሳይቀበር ደሙን እመልሳለሁ!»

«መጀመሪያ ሬሳውን ልየው» አሉ እማሆይ በዝግታ። «መግደሉ አያመልጥህም።»

ደምሴ አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። እማሆይ ወደ ጣሊያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ ወደ በላይነህ ዞሩ።

«እንዴት ሆነ?»

«ካፒቴኑ የከተማውን ጥንታዊ ሕንፃና ሥዕል በእግር ዞረው ማየት ፈለጉ፤ አለቃ ይመሩን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የፈረሰውን ግንብና ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አየን። ቄስ ሙላቴ አብረውን ነበሩ፤ ደምሴም የካፒቴኑን በቅሎ ይስባል። እዚህ ስንደርስ ካፒቴኑ የቅጥሩን በር ሊነድፉ ቆሙ፤ እኔም ወረቀት ያዝሁላቸው። አለቃ 'መስኮት ልክፈት' ብለው ቀድመው ገቡ። እኛ ስንገባ ሞተዋል።»

«ሌሎቹስ?»

«ቄስ ሙላቴ ወደ ዕቃ ቤት፣ ደምሴ በቅሎ ሊያስር ወደ ጓሮ።»

«በመንገድ የተለየ ነገር አልተባለም?»

«ካፒቴኑ 'እነዚህ ሰዎች ለምን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?' ብለው ጠየቁ። አለቃ 'ክፉ ሰው በጎኑ ነው የሚሣል፤ ሁለት ዓይን አይገባውም' አሉ። ደግሞም 'ሚካኤል ስንደርስ የምታውቁትን ባለ አንድ ዓይን አሳያችኋለሁ' አሉ። ሁላችንም ሰምተናል።»

እማሆይ ተንበረከኩ። አለቃ ከኋላ፣ ከግራ ጆሯቸው በላይ ተፈንክተዋል። በነጠላቸው ላይ ነጭ የልስን ብናኝ ተነስንሷል። ከላይ ጌታን የሚያስሩት ጭፍሮች ተሥለዋል፤ የአንዱ ፊት እስከ ጭቃው ድረስ ተፍቋል።

«የሺ ልጄ፣ ባልሽ መሰላል ይወጣ ነበር?» ሲሉ የሟችን ሚስት ጠየቁ።

«ጉልበታቸው ከተሰበረ ዓመት አለፈው፤ በመቃ እየጠቆሙ ነው የሚያሳዩት» አለች የሺ እንባዋን እየዋጠች። «ሰባቱ የአገር ልጆች ጉና ላይ ለጣሊያን ተጠቁመው ከተሰቀሉ ወዲህማ እንቅልፍም አልነበራቸው። ጠቋሚውን አውቀውት ነበር፤ ለእኔ ግን አልነገሩኝም።»

እማሆይ ወደ ቄስ ሙላቴ ቀረቡ። «ያ ፊት የማን ነበር፣ አባ?»

«በሕይወት ያለ ሰው በመቅደስ ግድግዳ አይፈረድበት ብዬ ተጣልቼዋለሁ» አሉ ቄሱ። «ስሙን ግን በንስሐ ነው የሰማሁት። ብገደልም አልናገርም።»

እማሆይ ሁሉንም ከግድግዳው ፊት ሰበሰቡ። ካፒቴኑ ግን ከጥግ ተቀምጦ የግድግዳውን ሥዕል መንደፉን አላቋረጠም።

«አለቃ ከመሰላል አልወደቁም። ብናኙ ያረፈው ከነጠላቸው በላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሳቸው ተመቱ፣ ፊቱ የተፋቀው ኋላ ነው። ገዳዩ ያ ሥዕል እንዳይታይ የፈለገ ሰው ነው።»

«ቄሱ ነዋ!» አለ ደምሴ።

«የዚህ ቤት ቁልፍ ዓመቱን ሙሉ በቄሱ እጅ ነው። ማጥፋት ቢሹ በቀትር፣ እንግዳ ደጅ ቆሞ፣ ምን አስቸኮላቸው? የቸኮለው ዛሬ ጠዋት የሰማው ነው። ካፒቴኑና በላይነህ አልተለያዩም። ፋቂው ደግሞ ፊቱን ሲያጠፋ የተሣለውን ሰው እጅ ረስቶታል፤ ጌታ የታሰረበትን ገመድ የሚያጠብቀው ግራ እጅ ነው። አለቃም የተመቱት በግራ በኩል ነው።»

ሰው ሁሉ ደምሴን አየ። ጠመንጃውን የያዘው በግራው ነበር።

«ግራኝ እኔ ብቻ ነኝ?»

«አይደለህም። ነገር ግን ጣሊያን እስከ እብናት ድረስ የገበሬውን ጠመንጃ ሁሉ ሲለቅም፣ አንተ በካፒቴኑ ፊት አቀባብለህ ማንም ምን አላለህም። በቅሎ ሳቢ ጠመንጃ የሚተውለት ምን ውለታ ውሎ ነው? እስቲ ቢላዋህን ምዘዘው።»

አልመዘዘም። በላይነህ ከወገቡ ሳበው፤ ስለቱ ሥር ነጭ ልስንና የሰማያዊ ቀለም ፍርፋሪ ተጣብቋል።

ደምሴ ከሬሳው አጠገብ ተቀመጠ። «የአንድ እናት ልጅ! እኔን ከጌታ ሰቃዮች ጋር አቆመኝ! ዛሬ እዚሁ ገብቼ አጥፋልኝ ብዬ ለመንኩት። 'ሰባቱን መልስና አጠፋዋለሁ' አለኝ።»

ካፒቴኑ ተነሥቶ ጠመንጃውን ከደምሴ እጅ ወሰደ፤ ጥቂት ቃል ተናገረና ወጣ። በላይነህ ተረጎመ።

«'የታወቀ ጠቋሚ አይጠቅመኝም' ይላሉ።»

ከደጅ ያለው ሕዝብ እያጉረመረመ ተጠጋ። ቄስ ሙላቴ እጃቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ቆሙ። «በዚህ ቤት ሁለተኛ ደም አይፈስም!»

እማሆይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጡት አንድ ሰው ለማዳን ነበር፤ ሌላውን ማዳን ግን ከእጃቸው ወጣ።

የሺ ተነሣች። «ቃሬዛውን ማን ይሸከማል?»

ወደ ባሏ ወንድም ዞረች።

«ደምሴ፣ ተነሥ። ወንድምህን ተሸከም።»

ተነሥቶ የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ያዘ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተለት፤ የነካውም የሰደበውም አልነበረም። ከመቃብሩ ጉድጓድ ማዶ የተሰቀሉት የሰባቱ ልጆች አባቶች በትራቸውን ተደግፈው ይጠብቁት ነበር።