ያልረጠበው ጫማ

መሪጌታ ሣህለ ማርያም ሞጣ ውስጥ ባለ የአረጋውያን ተመላላሽ ክሊኒክ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ባለ አልጋ ላይ ሞተው ተገኙ። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር። የሚነፉት የአስም መድኃኒት በልጃቸው በብሩክታይት ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ኢንስፔክተር እፀገነት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰች። ብሩክታይት ጥግ ይዛ ቆማለች። አባቷን ከቢቸና ይዛ የመጣች እሷ ናት፤ ወንድሞቿ በስልክ «ጥለሻቸው ሄደሽ ገደልሻቸው» ብለዋታል። አሁን ወደ ቤትም ወደ ሌላም የምትሄድበት መንገድ የተዘጋባት መሰላት።

«የት ነበርሽ?»

«ሐኪሙ ‹ትንሽ ይረፉ› ብሏቸው ለምሳ ወጣ። እኔ መድኃኒት ልገዛ ሄድሁ። ስመለስ ጋሽ ዳምጤ ‹ወጥተዋል› አሉኝ። መናኸሪያውን ሳስስ ዋልሁ።»

ጥበቃው ዳምጤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስል ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ። ጫማ ከሌለ ሰው የለም ብዬ እቆልፋለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ጫማ አልነበረም። ስምንት ሰዓት ስከፍት ግን ይኸው ተቀምጧል።»

«ዓይንዎ ደክሟል፤ እርስዎንም እዚሁ ካርድ እናውጣልዎት» አለ ነርሱ ስጦታው።

«የአንተን ማርፈድ ግን በየቀኑ ያያል።»

እፀገነት አጎነበሰች። ከጫማው ሥር ያለውን ምንጣፍ ስትጨምቀው ውኃ ወረደ። ጫማውን ውስጡንም ውጭውንም ዳሰሰችው። ከዚያ ሦስቱን በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ዝናቡ መቼ ጣለ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ» አሉ ዳምጤ።

«ምንጣፉ ርሷል፤ ጫማው ደረቅ ነው። ዝናቡ ሲጥል እዚህ አልነበረም። ስለዚህ ጋሽ ዳምጤ እውነታቸውን ነው። ብሩክታይት ዝናብ ላይ ነበረች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ጫማውን እሷ ይዛው ቢሆን ይረጥብ ነበር። ይህ ክፍል ተቆልፎ ነበር፤ ክፍት የነበረው ካርድ ክፍሉ ብቻ ነው። እዚያ ማን ነበር?»

«ስጦታውና እንግዶቹ» አሉ ዳምጤ።

«የምን እንግዶች?»

ስጦታው ቀስ ብሎ መለሰ። «አረጋውያኑ በአገልግሎታችን መርካታቸውን ሊያጣሩ የመጡ ናቸው።»

«ብዙ ይጠብቃሉ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በር ላይ ጫማ ካዩ፣ የሚጠብቅ ሰው አለ ይላሉ» አለች እፀገነት።

ስጦታው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «እስኪሄዱ ብዬ ነው የደበቅሁት። ስመልሰው በሩ መቆለፉን አየሁ። ከተናገርሁ ነገሩ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ዳምጤ መጥተው ይከፍታሉ ብዬ ተውሁት።»

እፀገነት ቃሉን ጻፈች፤ ወደ ብሩክታይትም ዞረች። «አንቺ አልገደልሻቸውም። ለወንድሞችሽ እኔው እነግራቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። በሩ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ አባትሽ ለምን ከውስጥ አላንኳኩም?»

ብሩክታይት ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ፣ «አባባ፣ ባለፈው ሐኪሙን ተቆጥተው አሳፍረውኛል፤ ዛሬ የፈለገውን ያህል ቢያስጠብቁዎት ድምፅዎን እንዳያሰሙ» ብላቸው ነበር።

«እሺ ልጄ» ብለዋት ነበር።