ኮቴ ያለ ጫማ

«ክቡራንና ክቡራት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች፤ የምክትል ርዕሰ መምህራችን የግራ ካልሲ አውራ ጣታቸው ላይ የተቀደደ መሆኑን ስናበስር ታላቅ ደስታ ይሰማናል።»

መግለጫው ገና አልወጣም። ያለው ወለል ላይ በጀርባው በተጋደመው፣ ጓደኞቹ «ስልክ እንጨት» በሚሉት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ልጁ ቁመቱን ለመደበቅ መጉበጥ ከጀመረ ሰንብቷል። ልብስ ሰፊዋ እናቱ በመጨረሻ፣ «ሱሪህንስ አስረዝምልሃለሁ፤ አንተን ማን ይተኩስልኛል?» አለችና ደንበኛዋ ወደሆነች የድሮ ተወዛዋዥ ላከችው። ሴትዮዋ ከሰፈሩ ጎሚስታ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎችን አጋድማ ሰውነታቸውን ማዳመጥ ታስተምራለች።

ዛሬ ከጎኑ የተጋደሙት ደግሞ ኮቴ ናቸው። ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ይህ ስም በከንቱ አልወጣላቸውም፤ ጫማቸው ኮሪደሩን ሲደበድብ ግድግዳው ሳይቀር ጸጥ ይላል።

«የትኛው ተረከዝ ይከብዳል?» አለች አስተማሪዋ። «እንዳትመልሱልኝ። ዝም ብላችሁ ስሙት።»

ከታች የጎማ መንፊያው ይተነፍሳል፤ ከላይ እነሱ። ቀስ በቀስ የትኛው ትንፋሽ የማን እንደሆነ ጠፋው። ትከሻው ወለሉ ላይ ቀለጠ። እግሮቹ ረዝመው፣ ረዝመው፣ በመስኮት ወጥተው መንገዱን የተሻገሩ መሰለው። መኪኖቹ በላያቸው በእርጋታ ያልፋሉ፤ ማንም አይስቅም።

ቀጥሎ አስተማሪዋ ሁሉንም ሁለት ሁለት አድርጋ አጣመረች። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይራመዳል፤ ሌላው መዳፉን ጀርባው ላይ አድርጎ ይመራዋል። ለልጁ ኮቴ ደረሱት።

የሰውየው ጀርባ ከመዳፉ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቀስ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «ደረጃ ላይ ከወደቅሁ ወዲህ እግሬን አላምነውም። ካልደበደብኩት መሬቱ ያለ አይመስለኝም።»

«አለ፣ ቲቸር። እኔ አየዋለሁ።»

ከግድግዳ ግድግዳ፣ ውሃ ውስጥ እንዳሉ ሁሉ፣ ያለ ድምፅ ተጓዙ። ሲጨርሱ ኮቴ ጫማቸውን አሠሩ። ምስጢር ጠብቅልኝ አላሉትም። «ሰኞ እንዳታረፍድ» ብቻ ብለው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የጠበቀው ራዲዮ ነበር፤ የኳስ ቡድኑ አምበል፣ ወሬ አፉ ውስጥ የማያድር።

«ስልክ እንጨት፣ ሙድ አትያዝብን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጨዋታ እየጠፋህ ቡድኑን አስበላኸው። ምክንያት ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ማልያውን መልስ። ተነጋግረን ጨርሰናል።»

ከደረጃው በኩል ያ ድብደባ ተሰማ። ራዲዮ ወለሉን እየረገጠ የኮቴን አረማመድ ማስመሰል ጀመረ፤ ልጆቹ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። ምክንያቱ ልጁ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ቢተፋው ማልያው እጁ ላይ ይቀራል፤ እስከ ፈተና ድረስም የትምህርት ቤቱ ንጉሥ ይሆናል። ኮቴ ግን ከዚያ በኋላ በዚህ ኮሪደር እንዴት ያልፋሉ?

ድብደባው አጠገባቸው ሲደርስ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ አለፈ።

ልጁ ቀና አለ፤ የራዲዮን አናት ከላይ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ማልያውን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠው።

«አበድክ እንዴ? የት እንደነበርክ ተናገር እንጂ፣ በቃ።»

«አልናገርም።»

«ቺክ ናት?»

«አልናገርም።»

«እሺ፣ ለምን እንደማትናገር እንኳ...»

«እሱንም አልናገርም።»