አሥራ አምስተኛው ዱላ

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ብርሃኔ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደያዙ።

በፈረንጆቹ 2013 የበልግ ወራት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማቸው ውስጥ ሉሊት ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆማ ታዳምጣለች። ታናሽ እህቷ ዮዲ አገጯን ትከሻዋ ላይ አሳርፋለች።

«ዋይ አይቀመጡም? ሶፋው እኮ ክሊን ነው።»

«ወጉ ነው፤ ዝም በይ። አባዬ እሺ ሲል ነው የሚቀመጡት።»

«እምቢ ካለስ?»

ሉሊት ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ጋሽ ብርሃኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጅዎን ሉሊትን ለልጃችን ለይድነቃቸው እንዲሰጡን ብለን ደጅዎ ቆመናል አሉ።

አባቷ አቶ ንጉሡ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ። መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመሩ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። የብልቃጥ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ሳያነቡ ለማንም አይሰጡም፤ ሰውንም እንደዚያው ነው የሚያነቡት።

«እኔም ሳላጠያይቅ አልቀረሁም» አሉ በመጨረሻ። «ልጁ ከዓመታት በፊት የአንድ አውስትራሊያዊ የጎልፍ ተጫዋች ቦርሳ ይሸከም ነበር አሉኝ። ቦርሳው ውስጥ ያልተፈቀደ ዕቃ ደብቆ ሰውየውን ከእንጀራው አፈናቅሎታል አሉኝ። ወሬውን የነገረኝ ፀሐዩ የሚባል ሰው ያኔ ውድድሩ በተደረገበት ክለብ የእንግዳ መኪና ያቆም ነበር። እውነት ነው ወይስ ሐሰት?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዳቸውም አያውቁም።

«እንግዲያው ሁለት ሳምንት ይሁን። ስትመለሱ ልጁን ይዛችሁት ኑ። ከራሱ አፍ ልስማ።»

«ኧረ አቶ ንጉሡ! ሙሽራ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ሲመጣ የት ታይቶ ያውቃል?»

«እዚህ ቤት ይታያል።»

የሉሊት እናት ወይዘሮ ካሰች ወጥ ቤት ውስጥ ትሪ ላይ የደረደሩትን ብርጭቆ ቀስ ብለው ወደ ቁም ሣጥኑ መመለስ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ መጥተው እንደቆሙ ሄዱ።

ሉሊት የአውስትራሊያዊውን ስም ታውቀዋለች። ከይድነቃቸው ጋር ያገናኛትም እሱ ነው።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ የምትሠራበት ትንሽ ቢሮ የጎልፍ ተጫዋቾችን የሥራ ዘመን መዝገብ እያጠናቀረ መጽሐፍ ያሳትማል። ስንት ውድድር ገባ፣ ስንቱን አሸነፈ፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ አቆመ የሚለውን ማጣራት የእሷ ሥራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «ዋረን ኬልሶ፣ አውስትራሊያ» የሚል መዝገብ እጇ ገባ። ከ1988 እስከ 2008 የተጫወተ ሰው ነው። አራት መቶ ስድስት ውድድር፣ ሁለት ድል፣ ሰባት ጊዜ ሁለተኛ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲለፋ የኖረ፣ ስሙ ያልገነነ ሰው። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «2008፣ ሜሪላንድ። ከውድድር ተሰረዘ።» ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር።

ሉሊት ባዶ ቦታ አትወድም። ጠየቀች፣ አጣራች። የዚያን ቀን የኬልሶን ቦርሳ የተሸከመው ካዲ ሐበሻ እንደሆነ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ባለ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ዱላ እያደሰ እንደሚሠራ ደረሰችበት። ለካ ከቤቷ በእግር የሚደረስ ቦታ ነው።

ስትደርስ ይድነቃቸው ያረጀ የዱላ መያዣ እየላጠ ነበር። ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ የተረጋጋ ነው፤ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሚጠብቅ ዓይን።

«ጎልፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«የሁለት መቶ ሰባት ተጫዋቾች መዝገብ ጽፌያለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

አይታ አታውቅም። አንድ ዱላ አስያዛት። ኳሷን ስታ ሣሩን ገመሰችው፤ ጭቃው ተፈናጥሮ ሸሚዙ ላይ አረፈ። ይቅርታ ልትል ስትል እሱ ቀድሞ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ስለ ኬልሶ ጠየቀችው። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን እንዳለ ጠፋ።

«ስለ እሱ አትጠይቂኝ። ሌላውን ሁሉ ጠይቂኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላውን ሁሉ ጠየቀችው። እሷ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ለሥራ ትሄዳለች፤ እሱ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይመጣል። ባቡር የሚቀይሩት ሁለቱም ጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ለአሥር ደቂቃ ይቀመጣሉ። አሥር ደቂቃ በአሥር ደቂቃ ስለ እናቱ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለሚፈራው ነገር አወቀች። የመዝገቡን ባዶ ቦታ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብላ ዘጋችው። በሕይወቷ አውቃ የተወችው ባዶ ቦታ ይኸው አንዱ ብቻ ነበር።

አሁን ግን አባቷ ያንኑ ባዶ ቦታ ጣታቸውን አስገብተው ከፈቱት።

ይድነቃቸውን አልጠየቀችውም። የመዝገብ ሰው እንደመሆኗ ወደ መዝገብ ሄደች፤ ለውድድሩ ኮሚቴ ጽፋ የዚያን ቀን ሪፖርት አስቆፈረች። አሥር ቀን ጠበቀች። ሐሙስ ጠዋት ኢሜይሉ ገባ። አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አትማው ወደ ጋለሪ ፕሌስ ገሰገሰች።

«ይድኔ! ይድኔ፣ አንብበው! ነፃ ነህ!»

ወረቀቱ አጭር ነው። ተጫዋቹ ከተፈቀደው አሥራ አራት ዱላ በላይ ይዞ ተጫውቷል። ትርፉን ዱላ ቦርሳው ውስጥ የረሳው ራሱ እንደሆነ ተጫዋቹ አምኗል። ካዲው ጥፋት የለበትም።

ይድነቃቸው አነበበ። ደስ አላለውም። 

«ሉሊዬ፣ ይሄ ውሸት ነው።»

የእሷ ባቡር መጣ፤ አልተሳፈረችም።

«ጠዋት ልምምድ ላይ አንድ አዲስ ዱላ ሞከረ። አልተመቸውም፤ አውጣው አለኝ። ዝናብ ጀመረ፣ ቦርሳውን በላስቲክ ሸፈንኩ፣ ዱላውን ማውጣቱን ረሳሁት። ቦርሳ መቁጠር የካዲ ሥራ ነው፤ አሥራ አራት፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ቀኑን ሙሉ ግሩም ተጫወተ። አራተኛ ሊወጣ ነው። አራተኛ ከወጣ ለሚቀጥለው ዓመት የመጫወት ፈቃዱ አይነካም። የውጤት ካርዱን ፈርሞ አስረከበ። ከዚያ እኔ ዱላዎቹን እየወለወልኩ ስቆጥር አሥራ አምስት ሆኑብኝ።»

«ቀድመህ ብታየውስ?»

«አራት ምት በቅጣት ተጨምሮበት ያልፍ ነበር። ከፈረመ በኋላ ግን መሰረዝ ነው። ማንም አላየኝም፤ ዱላውን ልደብቅበት ብል መኪናው ሃያ እርምጃ አይሆንም። ሩብ ሰዓት እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሄጄ ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ዱላዎቹን ራሱ ቆጠራቸው። ከዚያ ወደ ዳኞቹ ድንኳን ሄደ። ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ፣ ‹አንተ ገና ወጣት ነህ፣ እኔ ጨርሻለሁ። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ቃል እንዳትናገር› አለኝ። ፈራሁ። ዝም አልኩ። የእኔን ጥፋት ተሸክሞ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ የማንም ቦርሳ ትከሻዬ ላይ አርፎ አያውቅም።»

ሉሊት እጁን ያዘች። የሚጠገን ዱላ የሚይዝ ሻካራ እጅ ነው።

«ስማኝ። አባዬ ወረቀት ያምናል። ወረቀቱን ስጠውና ዝም በል፤ ወረቀቱ ይናገር። ሰውየውም የፈለገው ይህንኑ ነው።»

«በቀጥታ ከጠየቁኝስ?»

«ለእኔ ስትል፣ ይድኔ።»

ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። እሺም እምቢም አላለም። በማግሥቱ ጋለሪ ፕሌስ አልመጣም። ስልኩንም አላነሳም። ሉሊት አግዳሚው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አሥር ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ተማረች።

ቅዳሜ አራት ሆነው መጡ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ይድነቃቸው ከኋላ፣ ባለ ግራጫ ኮት። አሁንም አልተቀመጡም። ወይዘሮ ካሰች ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ መልሰው ደርድረዋል፤ ከወጥ ቤቱ ግን አላወጧቸውም።

ይድነቃቸው ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበ። አቶ ንጉሡ መነጽራቸውን አጠለቁ። አንድ ጊዜ አነበቡ። ከላይ ጀምረው ደገሙ። ለሦስተኛ ጊዜም አነበቡ። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ዮዲ የሉሊትን እጅ ጨበጠች።

«እንግዲህ ጥፋተኛው ፈረንጁ ነው ማለት ነው» አሉ አቶ ንጉሡ፣ መነጽራቸውን ሳያወልቁ። «ፀሐዩም ዋሽቷል። አንተ የለህበትም። እንዲህ ነው?»

ጋሽ ብርሃኔ ፈገግ ብለው ለመቀመጥ ጎንበስ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ይድነቃቸው ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለከተ። በስንጥቁ የሉሊትን አንድ ዓይን ብቻ ነው ያየው። ዓይኑ ይለምነዋል። ረጅም ጊዜ ተያዩ፤ ሁለት ዓመት በዚያች ስንጥቅ ውስጥ አለፈ።

«አይደለም» አለ። «ወረቀቱ ተሳስቷል። ዱላውን አልደበቅኩም፤ ግን የረሳሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ለእኔ አዝኖ በራሱ ላይ አደረገው፤ እኔም ፈርቼ ተቀበልኩት።»

ጋሽ ብርሃኔ «ወይ ጉድ!» ብለው ቀና አሉ።

«ወረቀቱ ነፃ አውጥቶህ ሳለ?» አሉ አቶ ንጉሡ።

«ዝም ልል ነበር፤ አልዋሽዎትም። ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። ግን ልጅዎ የሰው መዝገብ ናት የምታርመው። ዕድሜ ልኳን እኔን ባየች ቁጥር ያላረመችውን መስመር እንድታይ አልፈልግም። አይሆንም ካሉኝም፣ እውነቱን አውቀው ይከልክሉኝ።»

 አቶ ንጉሡ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ደጋግመው አለሰለሱት።

«ብልቃጥ ሦስት ጊዜ ለምን እንደማነብ እዚህ ቤት የጠየቀኝ የለም» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ካሰችም አልጠየቀችኝም። አንድ ቀን አንዴ ብቻ አንብቤ የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥቼ ነበር። ሴትየዋ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስሕተቱ ከሐኪሙ ነው የመጣው ተብሎ ታለፈ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።» ቀና ብለው ይድነቃቸውን አዩት። «አንተ ለሰውየው ለመናገር ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ሩብ ሰዓት።»

«ሩብ ሰዓት» አሉ አቶ ንጉሡ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው ከቆሙት ጋር አብረው ቆሙ።

«ምን ያስቆማችኋል?» አሉ። «ቁጭ በሉ እንጂ!»

ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ተንኳኩ። ወይዘሮ ካሰች ትሪውን ብድግ አድርገውታል። ዮዲ «ኦ ማይ ጋድ፣ ተቀመጡ! ተቀመጡ!» እያለች ስትዘል ሉሊት በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተንሸራታ ቁጭ አለች፤ እያለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት አግዳሚው ወንበር ላይ አሥር ደቂቃቸው ሲጀምር መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

«ለእኔ ስትል አልኩህ፤ አልሰማኸኝም።»

«ለአንቺ ስል ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ደግመህ ሁለት ቀን ስልክ ካላነሳህ እኔ ራሴ እሰርዝሃለሁ።»

ለአዲሱ እትም መዝገቡን ከማረሟ በፊት ኬልሶን በኢሜይል ፈቃድ ጠየቀችው። ከአውስትራሊያ፣ ከጂሎንግ የመጣው መልስ «ያ ልጅ ዛሬም እውነት መናገሩን አልተወም? እሺ፣ ጻፊው» ይላል። እሷም ጻፈች፦ «2008፣ ሜሪላንድ። ከውድድር ተሰረዘ። ትርፍ ዱላውን የረሳው ካዲው ሲሆን፣ ጥፋቱን የተናገረውም ራሱ ካዲው ነው።» ከታች አጠናቃሪዋ ስሟን ትፈርማለች። ስሟን ከእጮኛዋ ጥፋት በታች ሳታመነታ ጻፈች።

ሠርጋቸው ሳምንት ሲቀረው ረጅምና ቀጭን ሣጥን በፖስታ ደረሰ። ውስጡ አንድ የጎልፍ ዱላ አለ፤ ከአንድ ቀን በቀር ያልወጣ፣ አንድም ኳስ በውድድር ያልመታ። እጀታው ላይ የታሰረችው ወረቀት፣ «አሥራ አራቱን ሸጥኳቸው፤ ይህን ግን መሸጥ አልሆነልኝም። ቦታው እናንተ ቤት ነው» ትላለች።

ዱላው ዛሬም አሌክሳንድሪያ ባለው ቤታቸው ከበሩ ኋላ ቆሟል። እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል፤ ይድነቃቸው ይተርካል። ሉሊት ከጎኑ ሆና ታዳምጣለች። የሰው ቃል ማረም የለመደች ሴት፣ እሱ ሲተርክ ግን አንድም ቃል አታርምም።