ገመዱ ባጠረ ቁጥር

በቅሎዋ ከነጭነቷ ከመንገዱ ዳር ወደ ገደል ስትንሸራተት ባለዊንቹ ልጓሙን ለቀቀ። ባይለቅ ኖሮ አብሯት ይሄድ ነበር።

«ጋሼ! ተረፍክ?» ስትል እህቱ ከኋላው ጮኸች።

«አለሁ። ስንቁ ግን ሄደ።»

«ይሂድ። ስንቅ ይተካል፤ አባባ አይተካም።»

አባታቸው ከጫካው ማዶ ካለው ትልቅ ገደል ሥር ብቻውን እየኖረ የወንዙን ከፍታ የሚለካ ሽማግሌ ነው። እግሩ መሰበሩን በሬዲዮ ተናግሮ ድምፁ ጠፋ። የእግር መንገዱን ጎርፍ ስለወሰደው ከእሱ ዘንድ የሚያደርሰው በዊንች፣ ማለትም በእጅ በሚዞር የብረት መጠቅለያ፣ የሚሳበው የዕቃ ማውረጃ የሽቦ ገመድ ብቻ ነበር። አባትና ባለዊንቹ ልጁ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ልጁ «ከተማ ግባ» ሲለው «ወንዜን ጥዬ?» አለ፤ ነገሩም በዚያው ከረረ።

ዝናቡ ፋታ አልሰጣቸውም። ጭቃው ጫማቸውን እየነጠቀ፣ ቁልቁለቱ ጉልበታቸውን እየበላ ጫካ ገቡ። እዚያ አንድ ጎሽ ቁጥቋጦውን ጥሶ ወጣባቸው። ሁለቱም እየተንጠላጠሉ ዛፍ ላይ ወጡ። ጎሹ ግንዱን በቀንዱ እየፈተገ ቆይቶ ሲሄድ ለመውረድ እንኳ አቅም አጡ።

«ልጆች ሳለን አባባ ዛፍ ላይ ወጣችሁ ብሎ ይገርፈን ነበር» አለች እህቱ እያለከለከች።

«ዛሬም ቢያየን አይምረንም።»

ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ሁለት ሰዎች የዊንቹን ብሎን ሲፈቱ አገኙ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«የተጣለ ብረት ነው» አለ ረጅሙ፣ መፍቻውን እንደ ዱላ ጨብጦ።

«ታች ሰው አለ። አባቴ ነው።»

«እኛም ቤት የሚጠብቀን ሰው አለ።»

እህቱ ሄዳ የገመዱ ጥቅልል ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው ከነእኔ ውሰዱት።»

ረጅሙ መፍቻውን ሲያነሳ አጭሩ ጓደኛው ክንዱን ያዘው። «ተው እንጂ! ብረት ልንወስድ እንጂ ነፍስ ልናጠፋ አልመጣንም።» ረጅሙ እየተሳደበ ጫካው ውስጥ ገባ። አጭሩ ቀረ።

ብሎኖቹን መልሰው አጠበቁ። እህቱ ከገመዱ ጫፍ በተንጠለጠለው የብረት ሳጥን ወረደች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ገመዱ ተነቀነቀ፤ አባቷን ይዛ ተሳፍራለች ማለት ነው። ባለዊንቹ እጀታውን ማዞር ጀመረ።

ነፋሱ ሳጥኑን ገፋ አደረገው። ገመዱ ረጅም ሳለ ውዝዋዜው ዝግ ያለ ነበር፤ ባጠረ ቁጥር ግን እየፈጠነ፣ እየሰፋ መጣ።

አጭሩ በሆዱ ተኝቶ ቁልቁል እያየ «አለቱን ሊመታ ነው! አንድ ክንድ ነው የቀረው!» ብሎ ጮኸ።

ባለዊንቹ ደንግጦ በፍጥነት ሳበ። ባሰ። ከታች የእህቱ ጩኸት ተሰማ። ክንዱ ዝሎ ቆመ፤ ያቆመው ብልሃት ሳይሆን ድካም ነበር። ቆሞ ሲያዳምጥ ግን እጀታው በመዳፉ ውስጥ ይከብዳል፣ ይቀላል። ሳጥኑ መሃል ላይ ሲያልፍ ይከብዳል፤ ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል ይቀላል። ለካ መሃል ላይ ከክብደቱ ጋር እየታገለ በሳበ ቁጥር ወደ አለቱ የሚወረውራቸው እሱ ራሱ ነው።

«ጫፍ ሲደርስ ንገረኝ!»

«አሁን!»

ሳበ። መሃል ሲያልፍ ትንሽ ለቀቀለት።

«አሁን!»

ሳበ። ጠበቀ። መዳፉ ተልጦ እጀታው በደም ራሰ። ዓይኑን ቢጨፍን እዚያው የሚያሸልበው መሰለው። ውዝዋዜው ግን ቀስ በቀስ ጠበበ፤ በመጨረሻ ሳጥኑ ከአፋፉ ብቅ አለ።

ሽማግሌው እግሩ በእንጨት ታስሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ሴት ልጁ ጭን ላይ ተኝቷል። ሦስቱም ተጋግዘው አወጡት። ባለዊንቹ አጠገቡ ተንበረከከ።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ከተማ ግባ አልልህም። የምመጣው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ትንፋሹን ሰብስቦ አየው። «ሞኝ! ዛሬ ብትጠይቀኝ እኮ እሺ ልልህ ነበር።»

ባለዊንቹ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ከአባቱ ጎን ጭቃው ላይ ተዘረረና እንቅልፍ ወሰደው። እህቱ ልትቀሰቅሰው ጎንበስ ስትል ሽማግሌው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።