የጃፓን መላጊያ በፊትዝሮይ

አዜብ ፊትዝሮይ በሚባል የከተማው ሰፈር የእንጨት ሥራ ለመማር የተመዘገበችው ዶክተሯ «በእጅሽ የምትሠሪው ነገር ፈልጊ» ስላላት ነበር። ወንድሟ ኃይለአብ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ አላለቀሰችም፤ አልሳቀችምም። የሥራ ሺፍቷን ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ሴንት አልባንስ ሰፈር ያለው እናቷ ቤት ገብታ ትተኛለች። በቃ።

ሮቤራን እዚያው ክላስ አገኘችው። ዌሪቢ በሚባል ሰፈር የኪችን ካቢኔ የሚሠራ አናጢ ነው፤ የጃፓን መላጊያ ሊለምድ መጥቷል። መላጊያው ምላጭ የገባበት ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ እጀታ የለውም። እሱ እንደለመደው ወደፊት አይገፋም፤ ወደ ራስ ይሳባል። ሮቤራ እየረሳ ይገፋዋል።

«ሳበው» አለችው አዜብ።

«እጄ እንቢ አለኝ። እስቲ አሳዪኝ።»

ሳበችው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ወጣ። ሮቤራ ፍቅፋቂውን ትቶ እሷን አየ። እሷም አየችው። ምንም አልተሰማትም።

አንድ ቅዳሜ ምላጩን ስትስል ጣቷን ቆረጣት። ደሙን ያየው እሱ ነው።

«አላመመሽም?»

«አላወቅሁትም።»

ጣቷን በጨርቅ ጠቅልሎ ደሙ እስኪቆም ያዘው። ያኔ ስለ ወንድሟ ነገረችው። ሮቤራ ጣቷን ሳይለቅ እስከ መጨረሻው ሰማት።

ከዚያ ወዲህ እስከ ባቡር ጣቢያ አብረው መሄድ ለመዱ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል እንድታገባው ጠየቃት።

«ልዋሽህ አልፈልግም» አለች። «ደስታም ኀዘንም አይሰማኝም። እንዲህ ሆኜ ምን አደርግልሃለሁ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሮቤራ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀረ። አዜብ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለች እንጨቷን አበላሸች።

ሰኞ ጠዋት ጫማዋን ስታስር፣ ስለ ሮቤራ የሰሙት እናቷ መጡ።

«ወደዚያ ልጅ ነው? የወንድምሽ ሙት ዓመት ሳይወጣ?»

«አዎ፣ እማዬ» አለችና ወጣች።

ዌሪቢ ስትደርስ ሮቤራ ከሚሠራበት ወርክሾፕ ደጅ ምሳውን ሊበላ ተቀምጧል።

«ለምን ቀረህ?»

«ላላስጨንቅሽ ብዬ።»

«ሁለት ቅዳሜ በር በር ሳይ ዋልኩ።»

አጠገቡ ተቀመጠች።

«አሁን ምን ይሰማሻል?» አላት ቀስ ብሎ።

አዜብ አሰበች። «ርቦኛል።»

ምሳውን ለሁለት ከፈለው። ግማሹን ከበላች በኋላ፣ ቀና ሳትል፣ «ዓመቱ ሲወጣ ሽማግሌ ላክ» አለችው።

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከክላስ አትቅር።»