«የኔ» ያለው ሰው

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው።

ማመን ያልፈለገ ይተወው፣ አልጣላውም። ግማሹን እኔ ራሴ በጆሮዬ ባልሰማው ኖሮ፣ የነገረኝን ልጅ «ሂድ ውሃ ጠጣና ተኛ» ብዬ ነበር የምሸኘው።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ቦታው የጫካው መግቢያ በር።

እኔ የእግር ጉዞ መሪ ነኝ። ሰው ሰብስቤ ጫካ አስገባለሁ፣ ወንዝ አሻግራለሁ፣ ኮረብታው ላይ አሳርፍና ሳይመሽ መልሼ አወጣለሁ። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል። ይበሉ።

አንድ የማልደራደርበት ደንብ አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ካየሁ «የማን ናቸው?» እላለሁ። አንድ ሰው «የኔ» ካላለ አይገቡም። «የኔ» ያለ ሰው ደግሞ እስክንወጣ ድረስ ከእጁ አይለቃቸውም። ወንዙም ገደሉም ቀልድ አያውቅም።

የዚያን ቀን የመጡት የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ነበሩ። ታሪኩ ከነሱ ውስጥ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። አዲስ የተቀጠረ ነው። ጫማው አዲስ፣ ቦርሳው አዲስ፣ ሳቁ ሳይቀር አዲስ። ለባልደረቦቹ አባቱ ትልቅ ነጋዴ እንደሆነ፣ ለሥራም ውጭ አገር እንደሚመላለስ አውርቶላቸዋል። ማን አስገድዶት? ማንም። አንድ ቀን ከአፉ አመለጠችው፣ ከዚያ መመለሻ አጣላት።

አባቱ የዱቄት ፋብሪካ ዘበኛ ናቸው።

ልንገባ ስንል አንድ ሽማግሌ ከታክሲ ወርደው እያለከለኩ መጡ። ሰፊ ኮት ለብሰዋል፣ የጎማ ቦቲ ተጫምተዋል፣ እጃቸው ላይ ፌስታል አለ። ፌስታሉ ውስጥ አረንጓዴ የዝናብ ጃኬት። ልጁ ቤት ረስቶት ስለወጣ ነው ተከትለውት የመጡት።

ልጁ አያቸው። እሳቸውም አዩት።

ፊቱን አዞረ...

አባትየው ገባቸው። እንዴት አይገባቸው፣ ወልደውት! ፌስታሉን ኮታቸው ስር ሸጎጥ አደረጉና፣ ምን ፈልገው እንደመጡ ስጠይቃቸው «ዝም ብዬ ነው... እግሬን ላፍታታ ብዬ» አሉኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሰው ሳያይ መንገድ ላይ ጃኬቱን ሊያቀብሉት አስበው ይመስለኛል።

እኔ ምን አውቄ፣ እንደ ደንቤ ጠየቅኩ።

«እኚህ አባት የማን ናቸው?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ የታሰረውን የጫማ ክር ፈታና እንደገና ማሰር ጀመረ። አለቃው አጠገቡ ቆመዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

«የማን ናቸው?» አልኩ ደግሜ።

...

«የኔ።»

ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የተሰማው። የወንድ ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ።

«እሺ፣ ከእጅህ እንዳትለቃቸው» ብዬ ጉዞ ጀመርኩ። ማን እንደሆነ ዞሬ እንኳ አላየሁም።

ልጁ ተንፈስ አለ። «ተገላገልኩ» አለ በልቡ። ይህቺን ቃል ሲነግረኝ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነው።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሁላችንም ተከታትለን ነበር የምንሄደው። የአባቱ ሳል ከኋላ ይሰማዋል። ያውቀዋል ያንን ሳል። ከሳሉ ጋር ደግሞ አንድ ድምፅ... በሹክሹክታ።

«ቀስ በል አባዬ... እዚህ ጋ የዛፍ ሥር አለ።»

መሬቱ ደረቅ ቅጠል ነው። የቦቲው ኮቴ ይሰማል። የሌላው ሰው ኮቴ ግን አይሰማም።

ዞር ብሎ አየ። አባቱ የአንድ ወጣት ክንድ ተደግፈዋል። ወጣቱ አረንጓዴውን ጃኬት ለብሶ፣ ኮፍያውን ግንባሩ ድረስ ስቦ፣ መሬት መሬት እያየ ይራመዳል።

ልጁ መጀመሪያ ምን ተሰማው መሰላችሁ? ንዴት! ጃኬቴን ለማያውቁት ሰው ሰጡ ብሎ።

ወንዙ ጋ ደረስን። ድልድይ የለውም። ውሃው እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ሁላችንም እየተንጫጫን በሰበስን። ልጁ ተሻግሮ ካልሲውን እየጨመቀ ሳለ ቀና ቢል፣ ያ ሰው አባቱን በጀርባው አዝሎ ይሻገራል። አባትየው ይስቃሉ። እንደዚያ ሲስቁ ከሰማቸው ስንት ጊዜው!

«አልከበድኩህም ጎበዜ?»

ልጁ ክው አለ።

ጎበዜ የሚሉት እሱን ነው። ትንሽ ሆኖ መርፌ ሲወጋ ስላላለቀሰ አባቱ ያወጡለት ስም ነው፣ ከሳቸው በቀር የሚጠራው የለም።

ሰውየው ከውሃው ወጣና አባትየውን ቀስ አድርጎ አወረዳቸው። ሱሪው ደረቅ ነው። ጫማውም ደረቅ ነው... ደግሞ አዲስ ነው። ልጁ የራሱን ጫማ ጎንበስ ብሎ አየ። አንድ ዓይነት ናቸው።

ኮረብታው ጫፍ ላይ እረፍት ሰጠኋቸው። ሁሉም ፎቶ ይነሳል። ልጁ ግን አላስቻለውም፣ ወደ አባቱ ሄደ። አባትየው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ያ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ ከቦቲያቸው ውስጥ ጠጠር ያወጣል።

«አባዬ...» አለ ልጁ፣ ሰው እንዳይሰማው።

አባትየው ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ቂም የለም፣ ኩርፊያ የለም። ቢኖር ይሻለው ነበር። መንገደኛ እንደሚያዩ ነው ያዩት።

«አቤት ወንድም፣ ሰው ጠፋብህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ...»

«ማን ልበል?»

ይሄኔ አለቃው ከኋላው ደረሱ። ሽማግሌውን ታውቃቸዋለህ እንዴ ብለው ጠየቁት።

አፉን ከፈተ። አባቱ ያዩታል፣ አለቃው ያዩታል።

«አይ... ሰዓት ጠይቀውኝ ነው» አለ።

የተንበረከከው ሰው ሥራውን አላቋረጠም። ትከሻው ብቻ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። የሚስቅ ይመስላል... ወይ የሚያለቅስ።

ስንመለስ ልጁ ከሁሉም ኋላ ቀረ። ባልደረቦቹ ባሱ ውስጥ ገብተው ካለቁ በኋላ ነው ወደኔ የመጣው። ፊቱ አመድ መስሏል። ሽማግሌው የት ሄዱ አለኝ። ከልጃቸው ጋር ቀድመው እንደወጡ ነገርኩት፣ እንዲህ ያለ ልጅ መውለድ መታደል ነው ብዬም ጨመርኩበት። አፌን በቆረጠው!

«መልኩን አይተሽዋል?» አለኝ።

ልመልስ ብዬ አሰብኩ... አሰብኩ... ከኮፍያው በቀር ምንም ትዝ አላለኝም።

«መልኩን እንጃ» አልኩት። «ድምፁ ግን ቁርጥ ያንተ ነው።»

«ሽማግሌው አባቴ ናቸው እኮ» አለ በሹክሹክታ። ሌላ ሰው ሳይኖር፣ ለኔ ብቻ።

ከዚያ እግሬ አውጪኝ አለ። የቀረውን በኋላ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

ቤቱ ሲደርስ ገና መጨላለሙ ነበር። መብራት በርቷል። በመስኮቱ አየ። አባቱ ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረዋል። እናቱ ፎጣ ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። መሬት ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ የአባቱን እግር ያጥባል። ቀስ እያለ፣ ጣት በጣት። እሱ አንድም ቀን አጥቦላቸው አያውቅም።

አንኳኳ።

እናቱ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

ልጅሽ ነኝ ቢል ያልቅ ነበር። ግን በምን ዓይኑ? የቀኑ ሁሉ ነገር አንድ ላይ መጣበት፣ የጫማው ክር፣ የአለቃው ፊት፣ ሰዓት ጠየቁኝ ማለቱ። አፈረ። እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። እናቱን ቀና ብሎ ማየት እንኳ አቃተው።

«ይቅርታ እናቴ... ቤት ተሳስቼ ነው» አለ።

እሷ ደግሞ አንጀቷ አይችል። ውይ እየመሸ ነው፣ ሰፈሩንም አታውቀውም መሰለኝ አለችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረች።

«ልጄ፣ እስቲ ይሄን ሰው አስፋልቱ ድረስ ሸኘው።»

የውሃው ድምፅ ቆመ።

የሆነ ሰው ከመሬት ተነሳ፣ ጉልበቱ ቋ ሲል ተሰማ። እጁን አላደረቀም። እርምጃው ሳይሰማ በሩ ጋ ደረሰ።

በእናቱ ትከሻ በኩል አንድ እርጥብ እጅ ወጣና የልጁን እጅ ጨበጠ። ሞቃት ነበር።

«ና» አለው። «መንገዱን አሳይሃለሁ።»